በወሎ ሰማይ የሚበሩ ወፎችን ፎቶ ማንሳት፦ ከአቋቋም እስከ ኤዲት

የሚበር ወፍ ጥሩ ፎቶ ያየ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሌንሱ ነው። «ስንት ሚሊሜትር ነው?» «ስንት ብር ገዛኸው?» ይላል። ወሎ ውስጥ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የት ቆመህ አነሳኸው? ሜዳ አገር ያለ ፎቶ አንሺ አንገቱን ቀና አድርጎ የወፍ ሆድ ሲያነሳ ይውላል። ደሴ ወይም ላሊበላ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ጥንብ አንሳን በዓይኑ ትክክል ያገኘዋል። አንዳንዴም ጀርባውን ከላይ ወደ ታች ያየዋል። ይህን የሚሰጠው ሌንሱ ሳይሆን አገሩ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። መጀመሪያ ከወፉ ኋላ የሚታየውን ምረጡ፤ ከዚያ ወፉን ጠብቁ። ብዙዎቻችን የምንሠራው በተገላቢጦሽ ነው። ወፍ ስናይ ሮጠን እናነሳለን። ከኋላው የገባውን የመብራት ምሰሶና የቆርቆሮ ጣራ የምናየው ቤት ከገባን በኋላ ነው።

1. መቆሚያችሁን ምረጡ

ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አስቡ፦ ፀሐይ፣ ነፋስና ባክግራውንድ (ከወፉ ኋላ የሚታየው)።

ደሴን እንውሰድ። የጦሳ ተራራ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ነው። ጠዋት ጦሳ አፋፍ ላይ ሆናችሁ ወደ ከተማዋ ብትመለከቱ ፀሐይ ፊት ለፊታችሁ ናት፤ ወፉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ወደ ጀርባችሁ ትዞራለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የበለጠ ነገር ይመጣል። የተራራው ምሥራቃዊ ፊት ራሱ ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ከገደሉ ራቅ ብሎ የሚበረው ወፍ ግን ገና ፀሐይ ላይ ነው። ብርሃን የለበሰ ወፍ በጨለመ ገደል ፊት ሲያልፍ ማለት ነው። ይህ ብርሃን የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ቦታችሁን ያዙ።

ሐይቅ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው ውሃም በዚሁ መንገድ ይታያል። በከተማው በኩል ያለው ዳርቻ ምዕራባዊው ነው። ጠዋት ከዚያ ሆኖ ወደ ውሃው የሚያነሳ ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ያገኛታል። ለዝርዝር ፎቶ አይሆንም፤ ክንፋቸው ከኋላ በርቶ ለሚታይ ሳቢሳዎችና በጉም መሐል ለሚያልፉ ዳክዬዎች ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። የላባ ዝርዝር የፈለገ ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል መሄድ ካሰባችሁ ፈቃድ ጠይቁ። የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች ወደ ውስጥ አይገቡም፤ ሴት ባልደረባ ካለች ዳርቻውን ቀድማችሁ አስቡበት።

ነፋስ ደግሞ ወፉ በየት በኩል ፊቱን እንደሚያሳያችሁ ይነግራችኋል። ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ነፋስን ተቃርኖ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ከጀርባችሁ እየነፈሰ ከሆነ የሚያርፈው ወፍ ወደ እናንተ ፊቱን አዙሮ ይመጣል። ነፋሱ ፊታችሁን እየመታ ከሆነ የምታገኙት ጭራ ነው። ነፋስና ፀሐይ ሁለቱም ከጀርባችሁ የሆኑበትን ቀን አታሳልፉት።

በአፋፍ ላይ ሌላም አለ። ነፋስ ገደሉን መትቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ትልልቆቹ ወፎችም ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በዚያ አየር ላይ ተንሳፍፈው በአፋፉ ጠርዝ ይመላለሳሉ። አንድ ጥንብ አንሳ ባለፈበት መንገድ ሌላው መምጣቱ አይቀርም። የመጀመሪያውን አታሳድዱት። መንገዱን ልብ በሉ፣ ከዚያ መንገድ ኋላ ያለውን ገደል ወይም ሸለቆ ፈትሹ፣ ተቀምጣችሁ ጠብቁ።

አካባቢውን የሚያውቀው እረኛው ነው። «አባባ፣ አሞራው በየት በኩል ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። በየትኛው ቋጥኝ እንደሚያድር፣ ፀሐይ የቱን ድንጋይ ስታሞቅ እንደሚነሳ ያውቃሉ። ልጆች ሲሰበሰቡ ደግሞ «እናስነሳልህ?» ብለው ድንጋይ ያነሳሉ። ልባቸው ቅን ነው፤ ግን በፍጹም አይሆንም። ደንግጦ የሚነሳ ወፍ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ ከፎቶው በፊት ደግሞ ወፉ አለ። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲታይ ሰው ያሳስባልና የቀበሌውን ሰው ቀድሞ ማናገር፣ መታወቂያ መያዝ፣ ካሜራን ወደ ካምፕ ወይም ወደ ኬላ አለማዞር ጣጣ ያስቀራል።

2. ሰዓቱና ወቅቱ

ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግና ዝናብ ናቸው። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ አየሩ ታጥቦ ይጠራል፤ ያኔ ሩቅ ተራራ ሳይቀር ለባክግራውንድ ይሆናል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች፣ ሽመላዎችና ንስሮች ይጨመራሉ። የሐይቅና የአርዲቦ ውሃ፣ እንዲሁም ወደ ከሚሴ በኩል ያለው የጨፋ ረግረግ የሚደምቁት በዚህ ጊዜ ነው።

የውሃ ወፍ የፈለገ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ዳርቻው ላይ ይገኝ። ጥንብ አንሳና ንስር ለፈለገ መቸኮል አያስፈልግም። እነሱ ምድሩ ሞቆ አየር ወደ ላይ መውጣት እስኪጀምር ይጠብቃሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው። ከ5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል፣ የወፉ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቀትም ሩቁን ምስል ያንቀጠቅጠዋል። ያንን መንቀጥቀጥ የትኛውም ኤዲት አያስተካክለውም። ያን ጊዜ ቡና ጠጡበት።

3. ካሜራውን አዘጋጁ

ዕቃው ላይ ብዙ አልቆይም። 400 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ ካላችሁ ይበቃል። 70–300 ያለው ሰውም አፋፍ ላይ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ሴንሰሩ ትንሽ በሆነ ካሜራ ላይ 300ው የ450 ያህል እይታ ይሰጣል። ትራይፖድ ለዚህ ሥራ ያስራል፤ በእጅ ያዙት።

ፎከሱን ተከታታይ አድርጉት። በካነን «ሰርቮ»፣ በኒከንና በሶኒ «ኤኤፍ-ሲ» ይባላል። ካሜራችሁ የወፍ ዓይን የሚለይ ከሆነ አብሩት። ከሌለው ደግሞ መሐል ላይ ያሉትን የፎከስ ነጥቦች በቡድን ምረጡ፤ አንዲት ነጥብ ብቻ ከሆነች በሚበር ወፍ ላይ ማቆየት ይከብዳል። ባለማቋረጥ የሚያነሳውን በርስት ሞድ ክፈቱ። ፋይሉን በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው ዓይነት፣ አንሱ።

የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበት ጊዜ፣ በሰከንድ ክፍልፋይ) እንደ ወፉ ይለያያል። ለሚንሳፈፍ ጥንብ አንሳ 1/1250 ይበቃል። ለሚታጠፍ ጭልፊት 1/2000፣ ለርግብ 1/3200፣ ውሃ ውስጥ ለሚወረወር ዓሣ አዳኝ ወፍ 1/4000 ያዙ። ከዚህ በታች መውረድ ያለባችሁ አስባችሁበት ክንፉን ማደብዘዝ ስትፈልጉ ብቻ ነው።

አሁን ወሎ ላይ ብዙ ፎቶ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን። ወፉ ከጨለመው ሸለቆ ይነሳና በአፍታ ውስጥ ደማቁ ሰማይ ላይ ይወጣል። ካሜራው በራሱ ብርሃን የሚለካ ከሆነ ይምታታል። ሸለቆው ፊት ሲሆን ጨለማውን አይቶ ወፉን ያነጣዋል፤ ሰማዩ ላይ ሲሆን ድምቀቱን አይቶ ወፉን ያጠቁረዋል። ወፉ ላይ የሚያርፈው ፀሐይ ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ጥርት ባለ ቀን ሁሉንም በእጃችሁ የምታስተካክሉበትን ማኑዋል ተጠቀሙ፣ አይኤስኦውንም (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከአውቶ አውጡት። መነሻችሁ 1/2000፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 500 ይሁን። ሳቢሳን የመሰለ ነጭ ወፍ ከሆነ ትንሽ አጨልሙ፤ አለዚያ ላባው ወረቀት ይመስላል፣ የጠፋው ዝርዝርም አይመለስም። ቁራ ወይም ጥቁር ንስር ከሆነ ወደ ኤፍ 5.6 ክፈቱት። ከዚያ ወፉ የትም ይሂድ የት ያስተካከላችሁትን አትንኩት።

ደመና እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ይህ አይሠራም። ያኔ አይኤስኦውን አውቶ አድርጉና ነጭ ሰማይ ላይ ላለ ወፍ የመጋለጥ ማካካሻውን (ፎቶውን የሚያነጣውን ወይም የሚያጨልመውን) ከ+1 እስከ +1.7 ከፍ አድርጉት።

4. በጭልፊት ተለማመዱ

ለልምምድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ ሥጋ ቤትና ገበያ ባለበት ሁሉ ጭልፊት ይዞራል። ቅርብ ነው፣ ሰው አይፈራም፣ ድንገት ይታጠፋል። ከሱ የተሻለ አስተማሪ የለም።

እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ወፉን መጀመሪያ በባዶ ዓይን ተከተሉት፤ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ካሜራውን ወደ ፊታችሁ አምጡ። ሌንሱን ዙም አድርጎ ወፍ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በሰፊው አግኙት፣ ከዚያ አቅርቡት። የምትዞሩት በወገባችሁ እንጂ በእጃችሁ አይሁን። ከተኮሳችሁ በኋላም መከተላችሁን አታቁሙ፤ ያቆመ እጅ የመጨረሻዎቹን ፎቶዎች ያደበዝዛል።

ሐይቅ ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነውን ዓሣ አዳኝ ወፍ ፈልጉ። ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፉን እያርገበገበ ይቆማል። ጭንቅላቱ ንቅንቅ አይልም፤ ዓሣው ላይ ተተክሏል። ፎከስ ለማጥበቅ ጊዜ የሚሰጥ እንደሱ ያለ ወፍ አላውቅም።

5. ፍሬሙን ሥሩ

ወፍ መብረሩ ብቻ ፎቶ አያደርገውም። እኔ መጀመሪያ የማየው ጭንቅላቱን ነው። ወደ እናንተ ትንሽ ዞር ያለ፣ ወይም ቢያንስ ጎኑን የሰጠ መሆን አለበት። ዓይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ ካለች ወፉ ነፍስ ይዘራል። ፊቱን ያዞረ ወፍ ላባው ምንም ቢያምር ይለፋችሁ።

ቀጥሎ ክንፍ። ክንፉ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ሲወጣ ወይም ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ሲወርድ ቅርጹ ይወጣል። መሐል ላይ ሆኖ ከጎን ስታዩት ክንፉ ቀጭን መስመር ይሆንና ወፉ በእንጨት ላይ የተሰካ ይመስላል። በርስት የምንጠቀመው ለዚህ ነው። ለሚንሳፈፉት ወፎች ደግሞ ታጥፈው የሚዞሩበትን ቅጽበት ጠብቁ። አንዱ ክንፍ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይሆንና የጀርባው ላባ በሙሉ ይገለጣል። አፋፍ ላይ ስትሆኑ ይህ በዓይናችሁ ትክክል ይመጣል።

ወፉ በሚሄድበት በኩል ከኋላው ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ተዉለት። የክንፉን ጫፍ አትቁረጡ። ስታነሱ ወፉን ፍሬሙ ውስጥ ትንሽ አነስ አድርጋችሁ ያዙት፤ በኋላ መቁረጥ ይቻላል፣ የተቆረጠ ክንፍ ግን አይቀጠልም። ሁለት ወፎች ሲሆኑ በመካከላቸው አየር መታየት አለበት።

ባክግራውንዱን በተመለከተ ባዶ ሰማያዊ ሰማይ የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ንጹሕ ነው፤ ግን ያ ወፍ የትም ሊሆን ይችላል። ወሎ መሆኑን የሚናገረው ከኋላ ያለው ነው። በኅዳር የደረሰ የጤፍ ማሳና እርከን ላይ የሚያልፍ ጭልፊት ልታገኙ ትችላላችሁ። ጉም በተኛበት ሸለቆ ላይ ሽቅብ የሚወጣ ቁራ አለ። ማጅራታቸው ነጭ የሆነ የደጋ ርግቦች ከቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ተነስተው በመስጊዱ ሚናራ ዙሪያ ሲዞሩ ሁለቱም አንድ ፍሬም ውስጥ ይገባሉ፤ ይህ ደሴ ላይ የሚታይ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ወይም ስልክ በደንብ ያነሳዋል። ወፉ ትንሽ ይሁን፤ አገሩ ትልቅ ይሁን። ብቻ ወፉ ንጹሕ ቦታ ላይ ይረፍ፦ ጥቁር ወፍ ደማቅ ጉም ላይ፣ ነጭ ወፍ ጥላ ላይ።

ጎጆ ካያችሁ ዞር በሉ። ጥንብ አንሳ ገደል ላይ ጥሎ ሲታቀፍ ሰው ከቀረበው ትቶ ሊነሳ ይችላል፤ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።

6. ምረጡ

ቤት ስትገቡ ካርዱ ሞልቶ ይሆናል። ሳትራሩ ሰርዙ። መጀመሪያ ፎከሱ ዓይኑ ላይ ያላረፈውን አውጡ። ይህን ለማየት ፎቶውን ወደ መቶ በመቶ አቅርቡት፤ በትንሹ ሲታይ ሁሉም ያምራል። ቀጥሎ ጭንቅላቱን ያዞረውን፣ ከዚያ ክንፉ መሐል ላይ የቆመውን አውጡ። ከአንድ በርስት አንድ ፎቶ ይትረፍ። ሁለቱ እኩል ከመሰሏችሁ የጭንቅላቱ አቀማመጥ ይፍረድ።

7. ኤዲት አድርጉ

ላይትሩም፣ ነጻ የሆነው ዳርክቴብል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ስናፕሲድ፤ ባላችሁ ሥሩ። ቅደም ተከተሉ ያው ነው። በአንድ ፎቶ እንየው፦ ጢማሙ ጥንብ አንሳ ጥላ በገባው ገደል ፊት ታጥፎ ሲዞር፣ ከሰዓት በኋላ፣ አይኤስኦ 800።

መጀመሪያ መቁረጥ። ፋይሉ 6000 በ4000 ፒክስል ነው እንበል። ወደ 3600 በ2400 ብትቆርጡት ለስክሪንም ለመካከለኛ ህትመትም ይተርፋል። ወደ 1500 ከወረዳችሁ ላባው መፍረስ ይጀምራል፤ እንዲያ ከሆነ ወፉን ትንሽ አድርጎ ገደሉን ማሳየት ይሻላል። አድማስ ወይም ውሃ ካለ ቀጥ አድርጉት። ገደል ብቻ ከሆነ በወፉ ሚዛን ፍረዱ።

ቀጥሎ የቀለም ሙቀት። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የጢማሙ ጥንብ አንሳ ደረት ብርቱካንማ የሚሆነው ብረት በበዛበት ጭቃ ራሱን ስለሚቀባ ነው፤ ላባው በተፈጥሮው ነጣ ያለ ነው። አውቶ የሚለውን ብትጫኑ ፕሮግራሙ ብርቱካንማውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያጥበዋል። በእጃችሁ ከ5500 እስከ 5800 ኬልቪን መካከል አድርጉና ገደሉን ሳይሆን ላባውን እያያችሁ ወስኑ። የቀለም ጥንካሬ የሚጨምረውን ሳቹሬሽን አትንኩት። ያ ደረት በራሱ በቂ ነው።

ከዚያ ብርሃን። አጠቃላዩን +0.3፣ ሃይላይቱን (ደማቁን ክፍል) ወደ −40፣ ጥላውን ወደ +35 ውሰዱ። ጥላውን ከዚህ በላይ ብትጎትቱት የክንፉ ሥር ግራጫ ይሆናል፣ ኖይዝም (አሸዋ የሚመስል ነጠብጣብ) ይወጣል። ክንፍ ከሥሩ ጥላ ቢኖረው ምንም ነውር የለበትም፤ ወፉ የተነሳው ከሰዓት በኋላ ነው።

አሁን ወፉንና ባክግራውንዱን ለዩ። ላይትሩም ሰብጀክቱን በራሱ ይመርጣል፤ ስናፕሲድ ላይ ሴሌክቲቭ የሚለውን ወፉ ላይ አሳርፉ። ወፉ ላይ ቴክስቸር (ጥቃቅን ዝርዝርን የሚያጎላው) +15 በቂ ነው። ምርጫውን ገልብጡና ገደሉን በ−0.3 አጨልሙት፣ ክላሪቲውን (የብርሃንና የጥላ ልዩነትን የሚያጎላውን) ትንሽ ቀንሱለት። ወፉን ከማብራት ይልቅ ኋላውን ማጨለም ሁልጊዜ የተሻለ ይታመናል። ከዚያ ወደ ክንፉ ጫፍ ቀርባችሁ ፈትሹ። በላባውና በገደሉ መካከል ነጭ ጠርዝ ከታየ አብዝታችኋል፤ መልሱት።

ኖይዙን የምትቀንሱት ባክግራውንዱ ላይ ነው። ወፉ ላይ ካበዛችሁት ላባው ፕላስቲክ ይሆናል። ሻርፕን የምታደርጉት ደግሞ ወፉ ላይ ብቻ ነው። ሰማይ ያለበት ፎቶ ከሆነ የሴንሰር አቧራ የሠራቸውን ክብ ጠቃጠቆዎች ፈልጋችሁ አጥፉ።

አቧራ ማጥፋት ትክክል ነው። ጫፍ ላይ የገባች ቅርንጫፍ ማውጣትም ለጌጥ ፎቶ ያስኬዳል። ሌላ ወፍ መጨመር፣ ሰማዩን መቀየር፣ የጎደለ ላባ መቀጠል ግን አልቀበልም። ላባ የጎደለው ወፍ ላባ እየቀየረ ነው፤ ያም ስለ ወፉ የሚናገረው አለ። ውድድር ወይም ጋዜጣ የምትልኩ ከሆነ ሮው ፋይሉን ሊጠይቋችሁ ስለሚችል አታጥፉት።

8. አውጡና አጋሩ

ለማኅበራዊ ሚዲያ በጄፔግ አውጡ፤ የቀለም ስፔሱን ኤስ-አርጂቢ አድርጉ፣ አለዚያ ስልክ ላይ ቀለሙ ይደበዝዛል። ለኢንስታግራም 1080 በ1350 ፒክስል በቁመት ይይዛል፤ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ግን በቁመት ፍሬም ይጨናነቃልና በወርድ ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ያ ሁሉ የላባ ዝርዝር ይጠፋል። ለህትመት ከሆነ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚታተሙ ነጥቦች ብዛት) አስሉ፦ 3600 ፒክስል ወርድ ያለው ፋይል 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲሜትር ገደማ ንጹሕ ህትመት ይሰጣል። ከፎቶው ሥር ወረዳውንና ወሩን ጻፉ። ጎጆ ያለበትን ገደል ስም ግን አትጻፉ፤ ከመለጠፋችሁ በፊትም ፋይሉ ውስጥ ያለውን የጂፒኤስ መረጃ አጥፉ።